ወደ ሳንባ የሚሄደው ሰማያዊ ነው

ይድረስ ለታላቅ ወንድሜ፣ ስሙ ሲነሳ የአባባ ድምፅ ለሚለሰልስለት፤

ለመሆኑ እንዴት ከርመሃል? ወገብህስ? ብርድ ሲገባ የሚነሳብህ ሕመም ተወህ ወይስ ዛሬም ካቻቢቴ ለማንሳት ጎንበስ ባልክ ቁጥር «ወይኔ ወገቤ» ትላለህ? ባለቤትህ ደህና ናት? ትንሿ ልጃችሁስ ጥርስ አወጣች? እንቅልፍ ትሰጣችኋለች? የምትጠግኗቸው ሊፍቶችስ ሰው እንደያዙ መሃል ላይ መቆም ተዉ? እኔ እንዴት እንደሆንኩ ከጠየቅከኝ፣ ደብዳቤ የሚጽፍ ሰው ሁሉ «ከናፍቆትህ በቀር ደህና ነኝ» ማለት ይወዳል። እኔ ግን ከናፍቆትህና ከቅናት በቀር ደህና ነኝ፤ ፈጣሪ ይመስገን። ናፍቆቱን ለምጄዋለሁ። ቅናቱ ግን እንደ አዲስ ጫማ ተረከዜን እየላጠኝ ስለሆነ ዛሬ ሳልደብቅ ልጽፍልህ ተቀምጫለሁ።

ይህን ደብዳቤ እንድጽፍልህ ያዘዙኝ አባባ ናቸው። እጃቸው እንደሚንቀጠቀጥ ታውቃለህ፤ ቀጭን ሽቦ ብሎን ሥር ማስገባት ካቃታቸው ቆየ። ባለፈው ሰሞን ከምሳ በኋላ እማዬንም እኔንም አስቀመጡንና «ሱቁን ለልጄ የማስረክብበት ጊዜ ደርሷል። ጻፊለትና ይምጣ፤ ቁልፉን በእጁ ልስጠው» አሉ። ልጄ ያሉት አንተን ነው። እኔ አጠገባቸው ተቀምጫለሁ፤ የመብራት ጥገና ሱቃችን ቁልፍ ደግሞ በዚያች ሰዓት የሥራ ቱታዬ ኪስ ውስጥ ነበር። ጠዋት የምከፍተው እኔ፣ ማታ የምዘጋው እኔ፣ ጣራ ላይ የምወጣው እኔ፣ ቁልፉ የሚሰጠው ግን ለአንተ። በስልክ እንዲነግሩህ ብጠይቃቸው «እንዲህ ያለ ነገር በወረቀት ነው የሚያምረው» አሉ። እሺ ብያለሁ። የታዘዝኩትን እጽፋለሁ፤ መጀመሪያ ግን የእኔን ጉድ ስማኝ።

ከዓይን የራቀ ከልብ ይርቃል የሚሉት ነገር እኛ ቤት አልሠራም። እሁድ ስትደውል አባባ ንጹሕ ሸሚዝ ለብሰው ነው የሚጠብቁህ። በስልክ እንደማታያቸው ብነግራቸው «ድምፅ ላይ ያስታውቃል» አሉኝ። ያ ልጅ ሳለህ ያቃጠልከው ሶኬት እስካሁን ከሱቁ ግድግዳ አልተነቀለም። ደንበኛ ሲመጣ «ይህንን ልጄ ነው ያቃጠለው፤ ገና በልጅነቱ መነካካት ይወድ ነበር» እያሉ እንደ ሽልማት ያሳዩታል። እኔ ባለፈው ዓመት አንድ ፊውዝ ባቃጥል «ዓይንሽ የት ሄዶ ነው?» ተባልኩ። አንተ ስታቃጥል ተሰጥኦ፣ እኔ ሳቃጥል ጥፋት! ጥለኸው የሄድከውን ፒንሳ ማንም እንዲነካው አይፈቅዱም፤ እኔ እጀታው በላስቲክ በተጠመጠመው እሠራለሁ። ደንበኞቹም ከእሳቸው ተምረው «የእሱ እህት» ይሉኛል፤ አይተውህ የማያውቁት ሳይቀሩ። በእጅ የያዙት ወርቅ ከመዳብ ይቆጠራል ይባል የለ? እኔ መዳብ መሆኔን ተቀብዬ ነበር። መዳብ እንኳ ለሽቦ ይሆናል ብዬ ራሴን አጽናንቼ ነበር። እስከዚህ የሰሌዳ ሥራ ድረስ ማለት ነው።

ከመንገዱ ማዶ ያለው የጤና ኮሌጅ ለመግቢያ አዳራሹ የሚሆን የመብራት ሰሌዳ አዘዘን። ከሰው ቁመት በሚበልጥ ጣውላ ላይ የሰው አካል ይሣላል። በአካሉ ውስጥ የደም ሥሮቹ በጥቃቅን አምፖሎች ይደረደራሉ። ማብሪያው ሲነካ መብራቱ ከልብ ተነስቶ እየሮጠ እስከ ጣት ጫፍ ይሄድና ተመልሶ ይመጣል። ቀዩ ለደም ቅዳ፣ ሰማያዊው ለደም መልስ። አባባ ይህን ሲሰሙ ፊታቸው በራ፤ ከአፋቸው የወጣው የመጀመሪያ ቃል ምን እንደሆነ ልንገርህ? «አይ፣ ይህን ጊዜ ልጄ ቢኖር!» እኔ ሜትርና እርሳስ ይዤ ፊት ለፊታቸው ቆሜያለሁ።

የአካል ጥናት መምህርቷ ሥዕሉን ፎቶ ኮፒ አድርጋ ሰጠችንና ዕረፍት ወጣች። ፎቶ ኮፒው ጥቁርና ነጭ ነው፤ መስመሩ አለ፣ ቀለሙ የለም። አባባ ምንም አልመሰላቸውም። «ቀለሙን እኛ እናውቃለን። ከምንጩ የሚወጣ መስመር ቀይ፣ ወደ ምንጩ የሚመለስ ሰማያዊ። ዕድሜ ልኬን የዘረጋሁት ይህንኑ ነው» አሉ። ለእሳቸው ሰው ማለት መሃሉ ላይ ልብ የምትባል ማከፋፈያ ሳጥን ያለችው ቤት ነው። እኔም በዚያን ጊዜ የሚያከራክር ነገር አላየሁበትም፤ ትራፓኖውን አንስቼ ጣውላውን መብሳት ጀመርኩ።

ቅናቱን ለጊዜው እንተወውና፣ ወንድሜ፣ ሰው ከውስጥ እንዴት እንደተዘረጋ ብታይ! ከልብ አናት አኦርታ የሚሉት ታላቁ ደም ቅዳ ይወጣል። እንደ ከዘራ እጀታ ይታጠፍና የጀርባ አጥንትን ተደግፎ ቁልቁል ይወርዳል፤ እምብርት አካባቢ ሲደርስ ለሁለቱ እግሮች ለሁለት ይከፈላል። ከመታጠፊያው ወደ ላይ የሚወጡት ግን ሦስት ናቸው እንጂ አራት አይደሉም። በግራ በኩል የአንገቱና የክንዱ ለየብቻቸው ይወጣሉ። በቀኝ በኩል ግን አንድ ግንድ ሆነው ይወጡና ከዚያ በኋላ ነው የሚለያዩት። አባባ «ቀኝና ግራው እኩል ያልተዘረጋ ቤት የሰነፍ ሠራተኛ ሥራ ነው» ብለው ሊያስተካክሉት ተነሱ። ሥዕሉን ደጋግሜ እያሳየሁ በመከራ ነው ያስጣልኳቸው። የእናት ሆድ ዥንጉርጉር የሚባለው ለካ በአንድ ሰው ደረት ውስጥም ይሠራል።

ከሁሉም የገረመችኝ ልብ ራሷ ናት። በየክፍሏ ደም ሞልቶላት ሳለ ከዚያ አትጠጣም። አኦርታ ገና ከመውጣቱ፣ ለሌላው አካል አንድም ጠብታ ሳይደርስ፣ ከሥሩ ሁለት ቀጫጭን ደም ቅዳዎች ይነሱና ተጠምጥመው የራሷን ሥጋ ያጠጣሉ። ለራስ ሲቆርሱ አያሳንሱ የሚለውን ልብ ከእኛ በፊት ታውቀዋለች። ይህን ለእማዬ ስነግራት «እንዲያ ባታደርግማ ማን ያቆመን ነበር» አለችና ሻይ ለራሷ ቀዳች። ለአባባ ሳትቀዳ ለራሷ ስትቀዳ ሳያት ይህ የመጀመሪያዬ ነው። አባባም አይተዋል።

ጉበት ላይ ሌላ ክርክር ተነሳ። ከአንጀት የሚመለሰው ደም ቀጥ ብሎ ወደ ልብ አይሄድም። ተሰብስቦ ጉበት ይገባል፣ እዚያ እንደገና ይበተናል፣ አልፎ ሲወጣ ነው ወደ ልብ የሚያመራው። አባባ እጃቸውን ወገባቸው ላይ አድርገው «ተመላሽ መስመር ሰው ቤት ጎራ ብሎ ነው እንዴ የሚመለሰው?» ብለው ተቆጡ። ጉበት ከምግብ የመጣውን ትመረምራለች፣ የሚቀረውን ታስቀራለች፣ የሚያልፈውን ታሳልፋለች ስላቸው ትንሽ አሰቡና «አሃ! ቆጣሪ ናት በይኛ» አሉ። ከዚያ ወዲያ ለሚመጣ ደንበኛ ሁሉ ጉበት ቆጣሪ መሆኗን ያስረዱ ጀመር። ጎረቤታችን ልብስ ሰፊው እንኳ ሰሞኑን ሆዱን ሲያመው ቆጣሪዬ ነው ብሎ መጣ።

ቀዩ ወደ ሰማያዊ የሚለወጥበት ቦታ ደግሞ እኔን አስቸገረኝ። ደም ቅዳው እየቀጠነ እየቀጠነ ሄዶ በመጨረሻ ጸጉር የማያህሉ ሥሮች ይሆናል፤ ደሙ የያዘውን ለሥጋው የሚያቀብለው እዚያ ነው። ከዚያ ሥሮቹ እንደገና እየተገጣጠሙ ይወፍሩና ደም መልስ ሆነው ይመለሳሉ። ለዚህ የሚሆን አምፖል የት ይገኛል? ምን አደረግኩ መሰለህ፤ ለስላሳውን የመብራት ገመድ ልጬ በውስጡ ያሉትን ክር የመሰሉ መዳቦች አወጣሁና እንደ መረብ ዘረጋኋቸው። ግማሹን ቀይ፣ ግማሹን ሰማያዊ ቀባሁት። አባባ መነጽራቸውን አድርገው አዩት፣ አውልቀው አዩት። ወደውታል ማለት ነው ብዬ ደስ ሊለኝ ሲል «ልጄም እንዲህ ያለ ዘዴ አያጣም ነበር» አሉ። ያንን መረብ በጥርሴ ልበጥሰው ምንም አልቀረኝም።

ደም መልሶቹን ስዘረጋ ነው ከእነሱ ጋር የተዛመድኩት። ብዙ ናቸው፤ ክንድና እግር ላይ አንዱን ደም ቅዳ ግራና ቀኝ ሁለት ሆነው ያጅቡታል፣ ሌሎቹ ደግሞ ከቆዳ ሥር ብቻቸውን ይሄዳሉ። የእማዬን እጅ ጠረጴዛ ላይ ዘርግቼ እያየሁ ነው የሣልኳቸው። ግድግዳቸው ስስ ነው። በእግሮቹ ደም መልሶች ውስጥ ደሙ ቁልቁል እንዳይመለስ ትናንሽ በሮች አሉ። ደም ቅዳ ወፍራም ግድግዳ ለብሶ ጠለቅ ብሎ ይሄዳል፤ ሲመታ ይሰማል፣ ሐኪም እጅ ይዞ የሚያዳምጠው እሱን ነው። ደም መልስን ግን እንዴት ዋልክ የሚለው የለም፤ ዝም ብሎ ሽቅብ ይመልሳል። ከሁለቱ የትኛው አንተ፣ የትኛው እኔ እንደሆንኩ መቼም ማስረዳት አያሻኝም።

አሁን ወደ ተቃጠልኩበት ልምጣ። ስህተቱን ያየሁት ሰሌዳው አልቆ ስንሞክረው ነው። ማብሪያውን ስነካው መብራቱ ከልብ ወጥቶ ወደ ሳንባ በቀይ ሮጠ፤ ከሳንባ ወደ ልብ በሰማያዊ ተመለሰ። አባባ አጨበጨቡ። እኔ ግን አንድ ነገር ከነከነኝ። ሳንባ ደሙ አየር የሚያገኝበት ቦታ ነው። ቀይ ሆኖ ገብቶ ጠቁሮ ከወጣማ ሰውዬው ሞቷል ማለት ነው። መንገዱን ተሻግሬ የኮሌጁን የቤተ መጻሕፍት ሠራተኛ ባለ ቀለም መጽሐፍ እንድታሳየኝ ለመንኳት። እውነትም ወደ ሳንባ የሚሄደው ሰማያዊ፣ የሚመለሰው ቀይ ነው። ደም ቅዳ የተባለው ከልብ ስለሚወጣ እንጂ ቀይ ስለሆነ አይደለም። ሌላው ቦታ ላይ ከልብ መውጣትና ቀይ መሆን አንድ ላይ ስለሚሄዱ ነው የተሸወድነው። በሳንባው መንገድ ቀለሙ ይገለበጣል። ይህን ስህተት ሐኪም አይሠራውም፣ ልብስ ሰፊም አይሠራውም፤ የመብራት ሠራተኛ ብቻ ነው የሚሠራው።

ለአባባ ነገርኳቸው። «ከምንጩ የወጣ መስመር ሰማያዊ የሚሆንበት አገር የለም። እንዲያ ተዘርግቶ ቢሆን ኖሮ ስንቱን ጠጋኝ በገደለ!» አሉኝ። ቤት ሳይሆን ሰው ነው ብላቸው አልሰሙም። መጽሐፉን ተውሼ ላምጣ ብላቸው «መጽሐፍም ይሳሳታል» አሉ። ሞኝና ወረቀት የያዘውን አይለቅም ይባላል። አባቴን ሞኝ አልልም፤ ወረቀት ናቸው። ሰሌዳው የሚመረቅበት ቀን ደርሷል፣ መምህርቷ ከዕረፍት ልትመለስ ነው፣ እኛ ደግሞ በአዳራሽ ሙሉ ተማሪ ፊት የሞተ ሰው ልናበራ ነው።

ያኔ ነው ለአንተ የደወልኩት። የእኔን አልሰሙም፣ ያንተን ይሰማሉ ብዬ፣ አንጀቴ እያረረ። «ወደ ሳንባ የሚሄደው ሰማያዊ፣ የሚመለሰው ቀይ ይሁን በላቸው፤ ከአንተ የመጣ ይምሰል» አልኩህ። እንዳትረሳው ደግመህ እንድትልልኝም አደረግኩህ። ሊፍት ውስጥ ነኝ፣ ቶሎ በይ፣ ገብቶኛል አልከኝ። ከዚያስ? እሁድ ደወልክ፣ አባባ ድምፅህን ለሁላችን ከፍተውልን፣ ምን አልክ? «አባባ፣ ያ ወደ ኩላሊት የሚሄደው ሰማያዊ መሆን የለበትም እንዴ?» ኩላሊት! እኔ ከእማዬ ጀርባ ሆኜ ፀጉሬን ይዣለሁ። አባባ «ሳንባ ማለትህ ነው አይደል? እውነትህን ነው ልጄ! እንዴት አላየሁትም!» ብለው ጠረጴዛውን መቱት። ወዲያው አምፖሎቹን አስነቀሉኝ። እኔ ሳንባ ብዬ ሳንባ አልሰሙኝም፤ አንተ ኩላሊት ብለህ ሳንባ ሰሙህ። የት ሄጄ ልጩህ?

ምረቃው ላይ ያልነበርክበትን ልንገርህ። ዳይሬክተሩ ማብሪያውን ነኩ። ቀዩ ከልብ ተነስቶ በአንገት ወደ ራስ ወጣ፣ በክንዶቹ ወረደ፣ በእግሮቹ እስከ ጣቶቹ ደረሰ፤ ሰማያዊው ደግሞ ቀስ እያለ ተመለሰ። ተማሪዎቹ በየራሳቸው ክንድ ላይ በጣታቸው እየተከተሉ ያዩት ነበር። መምህርቷ የመጀመሪያ ዓይኗን የጣለችው ሳንባው ላይ ነው። «ቀለም የሌለው ሥዕል ሰጥቻችሁ ሄጄ ስጨነቅ ነበር። ብዙ ሰው የሚሳሳተው እዚህ ጋ ነው፤ ማን አወቀው?» አለች። አባባ ደረታቸውን ነፍተው «ልጄ ነው። ሩቅ አገር ሆኖ፣ ሰሌዳውን በዓይኑ ሳያይ፣ በስልክ አስተካከለልኝ» አሉ። ተጨበጨበልህ። እኔ የት ነበርኩ? ከሰሌዳው ጀርባ፣ ሶኬቱ ላልቶ ስለነበር ገመዱን በእጄ ደግፌ ይዤ። ጭብጨባህን ከጀርባ ነው የሰማሁት፤ ገመዱን ብለቀው ኖሮ ጨለማ ላይ ነበር የሚጨበጨብልህ። አልለቀቅኩትም፤ መልቀቅ ግን አምሮኝ ነበር።

ይህንንም እችለው ነበር። አባባ ናቸው፣ አመላቸውን አውቃለሁ። ያልቻልኩት ያንተን ነው። በሳምንቱ ስትደውል አመሰገኑህ፣ መረቁህ፣ መምህራኑ እንዴት እንደተደነቁ አንድ በአንድ ነገሩህ። አንተም እኔ እየሰማሁ «ምንም አይደለም አባባ» አልክ። ምንም አይደለም! እሷ ናት የነገረችኝ ማለት ስንት ትንፋሽ ይፈጃል? ላም አለኝ በሰማይ ወተቷንም አላይ ይላሉ፤ አባባ የሰማይ ላማቸውን ወተት ሲያሞግሱ የታለብኩት እኔ ነኝ። ያን ቀን ዓይኔ ደም ለበሰ። ወንድሜ ነህ፣ ልጅ ሳለሁ ትከሻህ ላይ ተሸክመህ አምፖል ያስገጠምከኝ አንተ ነህ፣ እወድሃለሁ፤ ግን ቀናሁብህ። በእውቀትህ ቢሆን አይቆጨኝም። የቀናሁት ሳትሠራ በመወደድህ ነው። ብታጠፋም ስለሚጣፍጥልህ ነው። ሁለታችን የአንድ ቤት ልጆች ሆነን ለአንተ የሚበራው ለእኔ ለምን እንደሚጠፋ አልገባ ብሎኝ ነው።

እንግዲህ የአባባን መልእክት ይኸው እንደታዘዝኩት፦ ሱቁ ያንተ ነው፣ ና ብለዋል። የእኔ መልእክት ደግሞ እንዲህ ነው፦ አትምጣ። እሁድ ስትደውል የሳንባውን ማን እንዳየው በአፍህ ንገራቸው፤ ሱቁንም ለእህቴ ይስጧት በላቸው። አንተ ያልካቸውን ይሰማሉ። ወንድምነትህን የምለካው በዚህ ነው።

እዚህ ላይ ደርሼ ትናንት ብዕሬን አስቀመጥኩ። እኛ ቤት ደብዳቤ ለሁሉም ጮክ ተብሎ ሳይነበብ እንደማይታሸግ ታውቃለህ። የወገብህን ሕመምና የልጅህን ጥርስ አንብቤ፣ መሃሉን ዘልዬ፣ የአባባን መልእክት አሰምቼ ላጥፈው ነበር ያሰብኩት። እማዬ አጠገቤ ተቀምጣ ወረቀቱን ታያለች ለካ። «ሁለት ገጽ አንድ ላይ ገለጥሽ» አለች። አባባ «ምን ብላ ነው የዘለለችው? ይነበብ» አሉ። ስለዚህ አነበብኩት። ሸሚዙን፣ ሶኬቱን፣ የሰማይ ላሟን፣ አትምጣ ያልኩህንም ሳይቀር። መሃል ላይ እማዬ ውሃ ሰጥታኝ ቀጠልኩ።

አባባ እጆቻቸውን እያዩ እስከ መጨረሻው ሰሙኝ። እንደሚቆጡ እርግጠኛ ነበርኩ፤ አልተቆጡም። «ኩላሊት ሲለኝ ነው የነቃሁት» አሉ። «ያ ልጅ የራሱ ጉበት በየት በኩል እንዳለ አያውቅም። አንቺ እንደላክሽው ወዲያው ገባኝ። የነገርሽኝ ዕለትም ቆይቼ ሳስበው ልክ እንደነበርሽ አውቄያለሁ፤ እምቢ ካልኩ በኋላ እሺ ማለት ከበደኝ እንጂ።» ታዲያ እያወቁ በዚያ ሁሉ ሰው ፊት ለምን የእሱ ነው አሉ ብዬ ጠየቅኳቸው። ጥያቄዬ ገረማቸው። «እሱ ሩቅ ነዋ! እዚህ ቤት እንደሚያስፈልግ ካልመሰለው በምን ልመልሰው? አንቺንማ ምን ብዬ ላሞግስሽ፤ አንቺ እኮ የትም አትሄጂም» አሉኝ።

ክፋት አልነበረበትም፤ እንዲያውም ፈገግ ብለው ጉልበቴን መታ መታ አደረጉኝ። ያመሰገኑኝ መስሏቸዋል። እማዬ ብቻ ቀና ብላ አየችኝ፣ እኔም አየኋት። ሱቅ ወርጄ የተበላሸ ምድጃ ፈታሁ። ስፈታው አላለቀስኩም። ስገጥመው ግን ያቺ «የትም አትሄጂም» የምትል ቃል ጆሮዬ ውስጥ እየደወለች ብሎኑን ታስጥለኝ ነበር።

ስለዚህ ወንድሜ፣ ከላይ አትምጣ ያልኩህን እንዳልጻፍኩት ቁጠረው። ና። ለአባባም ምንም አትንገርልኝ፤ አውቀውታል። ባለቤትህንና ልጅህን ይዘህ ና፤ ሱቁን ተረከብ። የፊት በሩ ቁልፍ ሲዞር በጉልበትህ ገፋ ማድረግ ይፈልጋል። መሰላሉ ሦስተኛው እርከኑ ላይ ይከዳል፣ አትመነው። የዳቦ ቤቱ ምድጃ ሲጠፋ ችግሩ ሁልጊዜ ከሽቦው ነው እንጂ ከማብሪያው አይደለም፤ ጋጋሪው ማብሪያው ነው ቢልህ አትስማው። አባባ መሰላል ልያዝልህ ሲሉህ አሲዛቸው፤ የሚሠሩት ነገር ሲያጡ ይከፋቸዋል።

ከመምጣትህ በፊት ግን አንድ ነገር አድርግልኝ። አለቃህን ሴት የመብራት ሠራተኛ ይቀጥራሉ ወይ ብለህ ጠይቅልኝ። ሊፍት ነክቼ አላውቅም፤ የሰውን አካል ዘርግቼ ግን አብርቻለሁ በላቸው። የምትለቁትን ክፍል አከራያችሁ ለሌላ እንዳትሰጠው ንገራት። ሻንጣ አለኝ። የማደርገውን አውቄዋለሁ፣ ተናድጄ ብቻ አይደለም፤ ተናድጄም ነው።

እማዬ በጣም ሰላም ብላሃለች፤ ለልጅህ የሠራችውን ሹራብ ስትመጣ ትሰጥሃለች። አክስታችን ሰላም ብላሃለች፤ ጉልበቷ ዛሬም ያማታል፣ ምላሷ ግን ደህና ነው። ልብስ ሰፊው ሰላም ብሎሃል። ለባለቤትህ ሰላምታዬን ንገርልኝ፤ ቤቱ ጠባብ ቢሆንም እማዬ ታሰፋዋለች። ትንሿን በሁለቱም ጉንጮቿ ሳምልኝ። አባባ ሰላም ብለውሃል፣ ከሁላችንም አብልጠው። ይህን የመጨረሻውን ገጽ እሳቸው አልሰሙትም። እማዬ ግን አንብባዋለች፤ ዓይኗን በነጠላዋ ጠርጋ «ሙጫውን አብዢበት» ብላኛለች።

ና ወንድሜ። አንተ ቅርብ ሁንላቸው፤ እኔ ደግሞ ልሂድና ልናፈቅ።

ጩጬ የምትላት እህትህ

ከሱቁ የኋላ ክፍል፣ ከሥራ ጠረጴዛው ላይ
ማክሰኞ፣ የካቲት ፱